ጓሳ ላይ የቀዳነው ድምፅ፦ ስለ ቀይ ቀበሮ፣ ስለ ውሾቻችንና ስለ ጆሯችን

  

በዚህ ገጽ የለመዳችሁት ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ከብት ክትባት ነው። ዛሬ ግን ትንሽ ወጣ ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ወደ ግቢያችን ይመለሳልና እስከ ታች ድረስ አንብቡልኝ።

በጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሁለት ሌሊት ጓሳ አድሬ መጣሁ። የሄድነው ለስብሰባ ወይም ለሥልጠና አይደለም። የዱር እንስሳትንና የወፎችን ድምፅ ለመቅዳት ነው። እናቴ ይህን ስነግራት "ድምፅ ደግሞ ይቀዳል እንዴ? ዘፋኝ ናቸው?" ብላ ስቃብኛለች። እናንተም ሳትስቁ አትቀሩም። እውነትም ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ አይደለም፤ የፍቅር ነገር ነው። አንዱ ጓደኛችን የባዮሎጂ መምህር ነው፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ሦስተኛው ሹፌር ነው። ሹፌሩ ሞተሩ በድምፁ ብቻ ምን እንደጎደለው የሚያውቅ ሰው ነው፤ ለወፍም እንደዚያው ጆሮ አለው። እኔ ደግሞ የቀበሌ የልማት ሠራተኛ። የሚያገናኘን ነገር ቢኖር ዝም ብሎ ማዳመጥ መውደዳችን ነው።

ጓሳ ምን ዓይነት ቦታ ነው?

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ የሚገኝ የውርጭ ምድር ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ላይ ስንዴም ጤፍም የለም። ጅብራ አለ፣ አስታ አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስሙን ያገኘበት የጓሳ ሣር አለ። በዚያ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለእረኛ የዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ከጓሳ የሚነሳው ውኃ ግማሹ ወደ ዓባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ቦታውን ያቆየው ማን እንደሆነ ነው። ያቆየው ገበሬው ራሱ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጓሳውን ሲጠብቅ ኖሯል። ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለመብቶች መሪያቸውን ይመርጣሉ፣ መሪው ጓሳውን ይዘጋል። ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል። ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲመጣ ተመክሮበት ይከፈታል። ያለ ጊዜው ያጨደ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ። ሕዝቡ ግን በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን እንደገና አቆመው። ዛሬ የጓሳ ማኅበረሰብ ጥበቃ አካባቢ ይባላል። የወል መሬት ሁሉ ይጠፋል ለሚል ሰው መልሱ ጓሳ ነው።

ድምፅ የሚቀዳው እንዴት ነው?

መሣሪያችን ብዙ አይደለም። ተማሪው የእጅ መዳፍ የምታህል የድምፅ መቅጃ አለችው። ማይኳ ላይ እንደ በግ ለምድ ያለ ጸጉራም ሽፋን ይለበሳል፤ ለንፋስ መከላከያ ነው። የቀጂ ትልቁ ጠላት ንፋስ ነውና። ያለ ሽፋን የተቀዳ ድምፅ ሲከፈት "ሹሹሹ" ብቻ ነው የሚሰማው። መምህሩ ደግሞ ከፕላስቲክ ሳህን የሠራው ጎድጓዳ ነገር አለው። ማይኩን መሐሉ ላይ አድርጎ ወደ ወፏ ሲያዞረው ድምፁ ተሰብስቦ ይገባል። ሰው በደንብ አልሰማ ሲለው መዳፉን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ያዳምጥ የለ? ያው ነው።

የምንቀዳው በአብዛኛው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ምክንያት አለው። አንደኛ፣ በዚያ ሰዓት ንፋሱ ብዙ ጊዜ ይበርዳል። ሁለተኛ፣ ሌሊት ምድሩ ሲቀዘቅዝ ከታች ያለው አየር ቀዝቃዛ፣ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ ይሆናል። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ወደ ላይ የሚሄደው ድምፅ ጎብጦ ወደ ምድር ይመለሳል። የሌላ ቀበሌ ውሻ ሌሊት ሲጮህ ደጃችሁ ላይ ያለ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ወፎች አብዝተው የሚዘምሩት ንጋት ላይ ነው።

ብርዱን ግን አልነግራችሁም። ጠዋት ድንኳናችን ላይ ያለው ውርጭ በእጅ ይፋቅ ነበር። ባትሪ ደግሞ በብርድ ቶሎ ይደክማል። ተማሪው መለዋወጫ ባትሪዎቹን ብብቱ ሥር ይዟቸው ነው የሚያድረው።

ጭላዳና ቀይ ቀበሮ

በመጀመሪያው ጠዋት የቀዳነው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል። ፀሐይ ሲሞቅ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳው ላይ እየተቀመጠ ሣር ይግጣል። ምግቡ በአብዛኛው ሣር ነው፤ ከዝንጀሮ ዘር እንዲህ በሣር የሚኖር ሌላ የለም። ከኢትዮጵያ ውጭም በዱር አይገኝም። ድምፁን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፤ ሰዎች ራቅ ብለው ሲያወጉ ይመስላል። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ "ማነው?" ብሏል። ይህ የኛ ስሜት ብቻ አይደለም። ቶር በርግማን የተባለ ተመራማሪ በሰሜን ተራሮች ጭላዳን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ወንዱ ጭላዳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያሰማው ድምፅ ምቱ ከሰው ንግግር ምት ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል።

መንጋው መሐል አንድ ቀይ ቀበሮ ስትዘዋወር አየን። ጭላዳዎቹ አልሸሹም፣ እሷም ግልገሎቻቸውን አልነካችም። ጎንበስ ብላ አይጥ ታድናለች። በዚሁ በጓሳ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አለ። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት 25ቱ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ስለሚረብሹ ሊሆን ይችላል ይላሉ አጥኚዎቹ።

እኔ ይህን ሳይ የታየኝ የገብስ ማሳ ነው። ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው። እርግጥ አንዳንዴ ግልገል ይወስዳል የሚል ቅሬታ ከገበሬው ይሰማል፤ ያንን አልክድም። ግን ዓመቱን ሙሉ ያለ ደመወዝ አይጥ ሲለቅም የሚውል አውሬ መሆኑንም አብረን እንቁጠርለት። በዓለም ላይ ያለው ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። ሁሉም ያለው እዚሁ ኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ነው።

አባባ ያልሰሟት ወፍ

ከኛ ጋር አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የአካባቢው ተወላጅ ናቸው፣ ሰባን አልፈዋል፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጓሳን እረኛም አጫጅም ጠባቂም ሆነው ያውቁታል። እሳቸው ባይኖሩ መቅጃችን ባዶ ዕቃ ነበር። ሣሩ ውስጥ "ኮሽ" ሲል "ጥንቸል ናት" ይላሉ፣ ትወጣለች። ቆቅ ስትጮህ በአጯጯኋ ብቻ ለጥሪ ይሁን ለድንጋጤ ይለያሉ። ያ ረጅም ቆልማማ ምንቃር ያለው ጥቁር ወፍ በመንጋ እየጮኸ ሲነሳ፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ዓይናቸውን ሳያነሱ ይነግሩናል።

በሁለተኛው ጠዋት መምህሩ አንዲት ትንሽ ወፍ እየቀዳ ነበር። ሣሩ ውስጥ ተደብቃ እንደ መርፌ በቀጠነ ድምፅ ትጮሃለች። አራታችንም ፈዘን እናዳምጣለን። ሽማግሌው ያዩናል።

"ምንድነው እንዲህ ያደረቃችሁ?" አሉን።

"ይቺን ወፍ ነዋ አባባ" አልኳቸው።

"የቷን?"

"ይቺው፣ እዚህ ፊት ለፊታችን ያለችዋ።"

ጆሯቸውን አዘነበሉ፣ ቆዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ እዚህ ምንም የለም።"

"አባባ፣ አሁንም እየጮኸች ነው እኮ።"

"እኔን ጆሮህ ደክሟል ልትለኝ ነው? ከማዶ ሰው ሲነጋገር እሰማለሁ፣ የቀበሮ ጩኸት እሰማለሁ" አሉ፤ ቅር ብሏቸዋል። ልክም ናቸው። ሲጠሯቸው ከሩቅ አቤት ይላሉ።

ተማሪው ዝም ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ። የተቀዳውን አስገብቶ ድምፁን በግማሽ ፍጥነት አጫወተው። ድምፅ በግማሽ ፍጥነት ሲሄድ ከመርዘሙም ሌላ ይወፍራል። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው። ትንሽ ቆዩና ፊታቸው ተለወጠ።

"ይቺ እኮ የማውቃት ናት!" አሉ። "ቆረጥ ቆረጥ አድርጋ መጨረሻውን ትስበዋለች። እረኛ ሆኜ በየጠዋቱ ነበር የምሰማት። ሣር ስናጭድ ጎጆዋ እንዳይነካ እናቴ ትቆጣን ነበር። ጠፍታለች ብዬ ነበር እኮ እኔ! ለካ እሷ አለች፤ የሄደው የኔ ጆሮ ነው።"

ደግመው አሰሟቸው። ደግመው ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ዕድሜው ሲገፋ በመጀመሪያ የሚጠፋበት ቀጭኑ ድምፅ ነው። ወፍራሙ ለብዙ ዓመት ይቆያል። የሰው ንግግር ይሰማል፣ የበሬ ማግሳት ይሰማል፣ የወፍ ሲርታ፣ የፌንጣ ጩኸት ግን ቀስ በቀስ ይጠፋል። ቀስ በቀስ ስለሆነ ደግሞ ባለቤቱ አያውቀውም። "ድሮ እንዲህ ያለ ወፍ ነበር፣ አሁን ጠፋ" ሲሉን፣ አንዳንዱ በእርግጥ ጠፍቷል፣ አንዳንዱ ግን ደጃቸው ላይ እየጮኸ ነው።

እኛ ወጣቶቹ ደግሞ የምንሻል እንዳይመስላችሁ። ድምፁ ጆሯችን ውስጥ ይገባል፤ ግን የማን እንደሆነ አናውቅም። ብዙ እረኛ ዛሬ ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ ነው የሚውለው። ሽማግሌው ስሙን ያውቃሉ፣ ድምፁን አይሰሙም። ልጁ ድምፁን ይሰማል፣ ስሙን አያውቅም። ሁለቱ ካልተገናኙ ወፏ ብትኖርም ብትጠፋም የሚያውቅ የለም። የመቅጃዋ ጥቅም ለእኔ የገባኝ ያኔ ነው፤ አያትንና የልጅ ልጅን አንድ ድምፅ ላይ ታስቀምጣለች።

በሌሊቱ ቀረጻ ውስጥ የተገኘው

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በሁለተኛው ማታ ተማሪው አንዲት ሌላ መቅጃ ከአንድ ትልቅ ጅብራ ሥር አስሮ ትቷት ነበር። ከማታው 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብቻዋን ስትቀዳ አደረች። ጠዋት ሁሉንም ቁጭ ብሎ ማዳመጥ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ድምፁን በሥዕል ያሳያል። ቀጭን ድምፅ ከላይ፣ ወፍራም ድምፅ ከታች ይሣላል። ዝም ያለው ሰዓት ጥቁር ነው። ዓይን የሳበውን ቦታ መርጦ መስማት ብቻ ነው።

ንጋት ሊል ሲል፣ 11 ሰዓት ገደማ ላይ፣ የቀይ ቀበሮ ረጅም ጩኸት አገኘን። ይህ ጩኸት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ሊሰማ ይችላል። ቤተሰብ የሚጠራራበት፣ ለጎረቤት መንጋም "ይህ የኛ ቦታ ነው" የሚባልበት ነው። ሽማግሌው ይህን ያለ ምንም እርዳታ ሰሙት። ወፍራም ድምፅ ነዋ። "እሷው ናት" አሉ። ከዚያ ጣታቸውን አንስተው ዝም እንድንል ምልክት ሰጡን። የሚጠብቁት ነገር አለ። ቀረጻው ሄደ፣ ሄደ። ምንም የለም።

"ድሮ ከዚህ ሲጮህ ከወዲያ ማዶ ይመልሱ ነበር" አሉ። "አልመለሱም።"

አንድ ሌሊት ስላልተመለሰ ብቻ ማዶ ያሉት አልቀዋል ማለት አይደለም። ንፋስ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ቦታ አድረው ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ብዙ ሌሊት፣ ብዙ ቦታ መቅዳት ይጠይቃል። ግን በዚያው ቀረጻ ውስጥ ሌላ ድምፅ ነበር፤ እሱ ጥርጥር የለውም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ውሻ ይጮሃል። አንድ አይደለም፣ ሁለት ናቸው። ሽማግሌው ትንሽ አዳመጡና "ይሄ ቤት ያለ ውሻ አይደለም፤ ድምፁ ይሄዳል። መጀመሪያ እዚያ ነበር፣ አሁን እዚህ መጣ። ተለቆ የሚዞር ነው" አሉ።

መቅጃዋ ያለችው ጥብቁ ውስጥ ነው። ቀበሮዋ ከአራት ሰዓት በኋላ የጮኸችውም እዚያው አካባቢ ነው።

ይህ ለምን እንቅልፍ ይነሳል?

ለቀይ ቀበሮ ከጠመንጃ ይልቅ የሚያሰጋው የኛው ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ በንክሻ ይተላለፋል። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ ስለሚኖሩ አንዱ ከታመመ በሽታው ቤተሰቡን ያዳርሳል። በባሌ ተራሮች በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.፣ እንደገና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው ገብቶ በወረርሽኙ አካባቢ የነበረውን አብዛኛውን ቀይ ቀበሮ ጨርሷል። ሌላም ዲስቴምፐር የሚባል የውሻ በሽታ አለ፤ እሱም በባሌ ቀበሮ ገድሏል።

"ቀበሮው ቢያልቅ እኔን ምን ገዶኝ?" የሚል ይኖራል። እሺ፣ ቀበሮውን ተዉት። ያው ውሻ ሌሊት ጓሳ አድሮ ጠዋት የሚመጣው ወደ ማን ግቢ ነው? ልጆች ወዳሉበት ነው። ላም ወደታሰረችበት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከነከሳቸው ውስጥ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ በቀረጻው ላይ የሰማነው የውሻ ጩኸት ለቀበሮዋም ለኛም አንድ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ነው።

እንግዲህ እንደ ልማት ሠራተኛነቴ የምለምናችሁ ይህን ነው፦

1. ውሻችሁን አስከትቡ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። የወረዳችሁ ወይም የቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ክትባቱ መቼ እንደሚመጣ ይነግራችኋል። ካልመጣ ደግሞ ጠይቁ። ተሰብስቦ የጠየቀ ቀበሌ ቶሎ ይሰማል።

2. ውሻ ሌሊት ይታሰር ስል "ታስሮ ጅብ ይጠብቃል ወይ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የግድ በሰንሰለት አይሁን፤ ከበጎቹ በረት አጠገብ፣ አጥር ውስጥ ይደር። ዋናው ነገር ጥብቅ ቦታ እየሄደ እንዳያድር ነው።

3. ውሻ የሚዞረው ሲርበው ነው። ማታ ማታ የሚቀምሰው ስጡት። የሞተ ከብትም ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ ቅበሩት። ጥንብ ባለበት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ ይናከሳል።

4. ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ክትባት ይጀምር። ጸበሉም ጸሎቱም ይሁን፤ ክትባቱን ግን አያስቀር።

ጆሯችሁን ለእርሻችሁ

ከጓሳ ከተመለስኩ ወዲህ ገበሬ ቤት ስገባ መጀመሪያ አዳምጣለሁ። እናንተም ሞክሩት። ጫጩቶች ተሰብስበው አብዝተው ከጮኹ በርዷቸዋል ማለት ነው፤ ሙቀት ይጨመርላቸው። ላሟ ያለ ወትሮዋ ደጋግማ ካገሳች ኮርማ ፈልጋ እንደሆነ ሌሎቹንም ምልክቶች እዩ። ለማዳቀል ደግሞ ምልክቱ ጠዋት ከታየባት ማታ፣ ማታ ከታየባት በማግስቱ ጠዋት ነው። ንብ ያላችሁ ማታ ጆሯችሁን ቀፎው ላይ ለጥፉ። መንጋ ወጥቶ ከሆነና ከውስጥ እንደ ትንሽ ጥሩምባ "ቱ… ቱ… ቱ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ አዲስ ንግሥት ተፈልፍላለች ማለት ነው፤ ሌላ መንጋ ሊወጣ ስለሚችል ባዶ ቀፎ አዘጋጁ።

መቅዳት ለምትፈልጉ ደግሞ በእጃችሁ ያለው ስልክ ለመጀመሪያ ይበቃል። ስልክ እንዳይደወል ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ጀርባችሁን ለንፋስ ስጡ፣ በሰውነታችሁ ከልሉት። ስትጀምሩ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቦታውን ስም በራሳችሁ ድምፅ ተናገሩ። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ። ልብስ አታንኳኩ፣ አትሂዱ። ወደ ጎጆ አትጠጉ። የተቀዳ ድምፅ እያጫወታችሁ ወፍ አትጥሩ፤ ባላንጣ መጣብኝ ብላ ምግቧንና ጫጩቷን ትታ ትሟገታለች። ዜኖ-ካንቶ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የዓለም ሰው የወፍ ድምፅ የሚያስቀምጥበት ቦታ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ከተለያዩ አገሮች የተቀዳውን በነፃ ማዳመጥ ትችላላችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉልኝ። በዚህ ሳምንት አንድ ጠዋት ላይ፣ ቤታችሁ ያሉትን አያት ወይም አባት ከልጁ ጋር ደጅ አስቀምጧቸው። ልጁ የሚሰማውን ይንገራቸው፣ እሳቸው ስሙን ይንገሩት። አያት "ድሮ ነበረ፣ ጠፋ" ካሉ ልጁ ይፈልግላቸው። ከተገኘ ደስታ ነው። ካልተገኘም መቼ እንደጠፋ የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ መጠየቅ ይሻላል። ጓሳን 400 ዓመት ገደማ ያቆየው ምን እንዳለው የሚያውቅ፣ ሲጎድል የሚናገር ሰው መኖሩ ነው።

የውሻ ክትባት በእናንተ ቀበሌ መጥቷል ወይስ አልመጣም? የመጣበት ቀን ለጎረቤትም ይነገር።

በቸር ይግጠመን። መልካም የሥራ ሳምንት!